ላይብረሪው ላይ ማንን አስቀመጥን?

የትምህርት ቤት ላይብረሪ ሲመረቅ ወሬው ሁሉ ስለ ብዛት ነው። ይህን ያህል ሺህ መጽሐፍ፣ ይህን ያህል ወንበር። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከማግስቱ ጀምሮ ጠረጴዛው ጋ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም።

በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እዚያ የሚመደበውን እናውቀዋለን። ጉሮሮው ማስተማር እምቢ ያለው መምህር፣ ክፍለ ጊዜ ያነሰው፣ ጡረታው የተቃረበ፣ አንዳንዴም ከርዕሰ መምህሩ ጋር ያልተስማማ። ገና ሲዛወር እንደተቀጣ ይሰማዋል። ከዚያ መጻሕፍቱን በሞዴል፣ ማለትም በንብረት መረከቢያ ቅጽ፣ ፈርሞ ይረከባል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ መጽሐፍ በስሙ የተመዘገበ ዕዳ ነው። ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ተማሪ በሩ ላይ ሲያይ የሚታየው አንባቢ ነው ወይስ መጽሐፍ ሊያጠፋበት የመጣ?

ስለዚህ መስኮቱ ሽቦ ይገባለታል። ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ የሚፈልገውን መጽሐፍ ስም ይናገራል። የ7ኛ ክፍል ልጅ አይቶት የማያውቀውን መጽሐፍ በምን ስም ይጥራው? «ፊዚክስ» ይላል፣ ፊዚክስ ይሰጠዋል። በመደርደሪያዎቹ መሀል እየዞሩ ሽፋን ማየት፣ አንዱን ገልጦ መመለስ፣ ሌላውን ማንሳት የሚባል ነገር የለም። ልብ ወለዶቹ «እንዳይበላሹ» ተብለው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ቦታው ውሎ አድሮ የቀለሜዎች ማጥኛ ክፍል ይሆናል። ለዚያማ ማንኛውም ባዶ ክፍል ይበቃ ነበር።

ሰውየው ላይ አልፈርድም። እኔም በሞዴል ፈርሜ ብረከብ ሳልቆልፍ የማድር አይመስለኝም።

በተቃራኒው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን እንይ። በስደት አሜሪካ ገብቶ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ላይብረሪ ባለሙያ ሆነ። በተለያዩ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲፈልግ በአገሩ ቋንቋ የሚሆን አጣ። ሌላ ባልደረባ ቢሆን «የለም» ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ራሱ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን ያነበበው በ19 ዓመቱ ነው፤ ባዶው መደርደሪያ ለእሱ የራሱ ልጅነት ነበር። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ላይብረሪ ከፈተ። ቆይቶም ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ላይብረሪ ተጀመረ። ሲኤንኤን በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከጀግኖቹ አንዱ ብሎታል።

ኒው ዮርክ ውስጥም ፑራ ቤልፕሬ የምትባል የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ በ1921 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ላይብረሪ ሠራተኛ ሆና ነበር። ለስደተኛ ልጆች ተረት በስፓኒሽም በእንግሊዝኛም ታወራላቸው ነበር።

ሁለቱም የትምህርት ቤት ሰዎች አይደሉም። ትምህርት ቤት ላይ ግን ነገሩ ይብሳል፤ ብዙው ተማሪ ሌላ የሚሄድበት ላይብረሪ የለውማ። ሐዋሳ ያለ ልጅ ቤቱ ሲዳምኛ እያወራ ሊያድግ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ጉራጊኛ የሚያወሩ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ላይብረሪውን የያዘው ሰው ይህን ካላስተዋለ፣ ፊት ለፊት የሚደረደረው ከውጭ በእርዳታ የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብቻ ነው። ስለ በረዶ ሰው አሠራር ሳይቀር።

የብሔር ኮታ ይኑር ማለቴ ግን አይደለም። የሰው ማንነት በር እንደሚከፍት ሁሉ ይዘጋልም። እምነቱን ወይም ፖለቲካውን ይዞ መጥቶ የማይጥመውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ የሚያነሳም አለ። እኔ የምፈልገው የልጆቹን ቋንቋና ሰፈር የሚያውቅ፣ ከሁሉ በላይ ግን ራሱ የሚያነብ ሰው ነው። ልጁ «ይሄ ደስ ይላል?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «እሱን ተወው፣ መጀመሪያ ይሄን ሞክር» የሚል።

እንዲህ ያለውም ሰው ቢሆን በዕዳ ከተያዘ መቆለፉ አይቀርም። መጽሐፍ በእጅ ብዛት ያልቃል፣ ይቀደዳል፣ ይጠፋል። ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ጥቂቱን ከመዝገብ የሚሰርዙበት ግልጽ አሠራር ይኑራቸው። ሰው ሲመደብ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ «በቅርቡ ምን አነበብክ?» መልስ ያጣው ንብረት ክፍል ይመደብ፤ እዚያም ሰው ያስፈልጋል።