ሳያነቡ ለሚያሻሽሉልን

ታላላቅ ልብ ወለዶችን ወደ ዘመናዊ ፊልም የሚለውጡ ባለሙያዎቻችን ሊመሰገኑ ይገባል፤ በተለይም መጽሐፉን ሳያነቡ የሚለውጡት። አንብቦ ማሻሻል ማንንም አያቅተውም፤ ሳያነቡ ማሻሻል ግን ጸጋ ነው።

ባለፈው መስከረም ከእንዲህ ያለ ባለጸጋ ጋር ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ተቀምጠን ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ለምልክት የተሰካበት የአውቶቡስ ትኬት ከመግቢያው እምብዛም አልራቀም። ዐይኔን ተከትሎ «አብሽር ጋሼ፣ ታሪኩን በወሬ አውቀዋለሁ» አለኝ። የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካም ጀምሮት ነበር፤ ረዘመበት።

ማሻሻያዎቹን ሲዘረዝርልኝ በአድናቆት አዳመጥሁ። የድኻ ልጅ ካሜራ ላይ ስለማያምር በዛብህ ባለ መኪና፣ ፊታውራሪ መሸሻም ደሴ ላይ የሆቴል ባለቤት ሆነዋል። ሀብታም ሀብታሟን ቢወድ ማን ይከለክለዋል ብዬ ስጠይቅ፣ ነገሩን አስቀድሞ አስቦበት ኖሮ ሰብለ ወንጌልን የልብ ሕመምተኛ አድርጓታል። የዘመኑን ሥርዓት ገመና በመዘክዘኩ እንደ እብድ የተቆጠረው ጉዱ ካሳ ደግሞ፣ ፊልም ያለ ሳቅ ስለማይሸጥ፣ የሆቴሉ ዘበኛ ሆኖ በየትዕይንቱ እየተደናቀፈ ይወድቃል። (ማጀቢያው ኪቦርድ ነው፤ አምባሰልና ባቲ ለቅኝት ስም ባወጡበት አገር ማሲንቆ ማሰማት ድግግሞሽ ይሆናል።)

ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ እንኳ እዚህ አልደረሰም። የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» እ.ኤ.አ. በ1985 «ራን» ብሎ ሲሠራው ታሪኩን ወደ ጃፓን መሳፍንት ዘመን አዛውሮ ሦስቱን ሴቶች ልጆች ወንዶች አድርጓቸዋል፤ ሽማግሌው አባት ግዛቱን በቁሙ አከፋፍሎ በገዛ ልጆቹ መገፋቱን ግን ሳይነካው ቀረ። ድፍረት አንሶታል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የደነቀኝ ስለቱን መሰረዙ ነው። በመጽሐፉ በዛብህ በስለት ለእግዚአብሔር አገልግሎት የተሰጠ ልጅ ነው፤ አድጎ ሲያፈቅር ራሱ ባልገባው ቃልና በልቡ መካከል ተይዞ ይጨነቃል፤ ያ ጭንቀት ከወጣ ታሪኩ ተራ የሰፈር ጠለፋ ይሆናል ብዬ ልሞግተው ሞከርሁ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማን ይሳላል? ዘመናዊ ፊልም እኮ ነው።»

ይህን ሲለኝ አንዲት እናት በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ የከፋይ ጃንጥላ እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደ መናኸሪያው በፊታችን ያልፉ ነበር። እስላሙ ለጀማ ንጉሥ፣ ክርስቲያኑ ለግሸን ማርያም በሚሳልበት በወሎ ምድር ተቀምጦ ስለት አለመኖሩን ለማወቅ ምን ያህል ጥናት እንደጠየቀው መገመት ያዳግታል።

ቀረጻው መቼ እንደሚጀመር ጠየቅሁት። ፊቱ ጠቆር አለ።

«መስከረም 21 ልጀምር ነበር፤ በሳምንት አራዘምኩት። ሚኒባስ የሚባል ጠፋ እኮ፣ ሁሉም ግሸን ሄደብኝ።»