ውዳሴ ፎርማት

ባለፈው ሳምንት ላፕቶፔ ዋይፋይ አልይዝ አለኝ። ማታ ዲስኩ ሞልቶብኝ የማያስፈልጉ ነገሮችን ሳጸዳ አምሽቼ ዘግቼው ነበር። ጠዋት ስከፍተው የዋይፋይ ምልክቷ ከቦታዋ የለችም። ብዙም አልደነገጥኩም። ሊኑክስን (የዊንዶውስ አማራጭ የሆነውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት) ለሚጠቀም ሰው እንዲህ ያለ ጠዋት ብርቅ አይደለም። የደነገጥኩት አጠገቤ ያለው ወዳጄ ወንበሩን ወደ እኔ ሲስብ ነው። ስክሪኑን አላየም። ምን ሆነብህም አላለኝም። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ፎርማት አድርገው» አለኝ። ዲስኩን ጠርገህ ሥርዓቱን ከዜሮ ጫን ማለቱ ነው።

ታውቁታላችሁ። የእኔን ሰውዬ ስም ባልነግራችሁም ሁላችሁም የየራሳችሁ አላችሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ደግ ሰው። ዛሬ የተነሳሁት ላመሰግነው ነው። እስካሁን በወጉ ያመሰገነው የለምና።

እኔ ሊቀ ፎርማት ብዬዋለሁ። ማዕረጉ ይገባዋል። እኛ ተራዎቹ ችግር ሲገጥመን «ምኑ ላይ ነው?» ብለን ስንጀምር እሱ ከመልሱ ይጀምራል። መልሱ አንድ ስለሆነ ጥያቄውን መስማት አያስፈልገውም። ድምፅ ጠፋ? ፎርማት። ፕሪንተር አልታይ አለ? ፎርማት። ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ግን ምንም አይከፍትም? ፎርማት። በዚህኛው ላይ ተራ ሰው ቢሆን 1.1.1.1 የሚባለውን የኢንተርኔት አድራሻ ፒንግ አድርጎ፣ ማለትም «አለህ?» ብሎ ጠርቶ፣ ይሞክር ነበር። ቁጥሩ መልስ እየሰጠ ስም ሲጠራ ዝም ካለ፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ የጠፋው ስም ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ ሪዞልቭ ኮንፍ በምትባል ትንሽ ፋይል ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ትሆናለች። ሊቀ ፎርማት ግን ለአንዲት መስመር ብሎ ራሱን ዝቅ አያደርግም። ቁንጫ ካየ ቤቱን ያቃጥላል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ቁንጫዋ ሳትሞት አትቀርም።

ጊዜ ቆጣቢነቱንም እንዳልረሳ። ሁለት ደቂቃ ከሚፈጅ ምርመራ ያድናችኋል። የሚወስድባችሁ ቅዳሜና እሑድን ብቻ ነው።

ይህን ስል በባዶ ሜዳ አይደለም። ይሄው ወዳጄ የአንድ የማውቀውን ልጅ ላፕቶፕ ሲያክም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አይቻለሁ። ዓርብ ማታ ነው። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት (ዲስትሮ) ተጭኖበታል፣ ዋይፋይ የለም። ሊቀ ፎርማት ፍላሹን ከኪሱ አወጣ። ከቤት ቁልፉ ጋር አንድ ቀለበት ላይ ነው የሚያንጠለጥለው። ቁልፉን ረስቶ ሊወጣ ይችላል፣ ፍላሹን ግን አይረሳም። ሚንት የሚባለውን ሌላ ዓይነት ጫነ። ዋይፋይ የለም። «ሚንትና ኡቡንቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ወደ አባትየው እንሂድ» አለና ዴቢያን ጫነ። የያዘው ግን የድሮውን ዴቢያን ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ቁጥር 12 እስኪወጣ ድረስ የዴቢያን ዋናው መጫኛ ነፃ ያልሆኑ (ኮዳቸው ያልተከፈተ) ፈርምዌሮችን፣ ማለትም የዋይፋይ ካርድን የመሰሉ ዕቃዎች ውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን፣ ይዞ አይመጣም ነበር። ስለዚህ መጫኛው ገና ሲጀምር «ይሄ ፋይል ጎድሎኛል፣ በሌላ ነገር አምጡልኝ» ብሎ ጠየቀው። የፋይሉን ስም ሳይቀር ጽፎለታል። ሊቀ ፎርማት አላነበበውም። «ቀጥል» የምትለዋን ተጫናት። በሕይወቱ ያነበባት ብቸኛ ቁልፍ እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ቅዳሜ ጠዋት ፌዶራ። ቅዳሜ ከሰዓት ማንጃሮ። ቅዳሜ ማታ አርችን ሞከረ። አርች ሲጫን ፓኬጆቹን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ ያስፈልጋል። አርች የሚጫነው ደግሞ ዋይፋይ ለማግኘት ነው። ሊቀ ፎርማት ይቺን ክብ ሲዞራት አመሸ። ሁለት ጊዜ «ቆይ ቆይ፣ ደረስኩበት» ብሎ ነበር። አልደረሰበትም።

እሑድ ጠዋት ባዮሱን፣ ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ አፕዴት አደረገ። ለምን? «አይጎዳም» ብሎ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ባትሪው ቢከዳው ላፕቶፑ ዳግም ላይነሳ የሚችልበት ሥራ ነው እንግዲህ ይሄ አይጎዳም የተባለው። እሑድ ከሰዓት ዩኤስቢ ዋይፋይ ተገዛ። ዩኤስቢው ድራይቨሩ (የሚያሠራው ፕሮግራም) ከከርነሉ፣ ከሊኑክስ እምብርት፣ ጋር የማይመጣ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፣ ኮምፓይል መደረግ፣ ማለትም ከምንጭ ኮዱ መሠራት፣ አለበት። ለኮምፓይል የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች መውረድ አለባቸው። ለማውረድ ደግሞ... እናንተው ጨርሱት።

ልጁ በዚህ ሁሉ መሃል ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ በስልኩ ቪዲዮ ያያል። ስልኩ ኢንተርኔት አለው። ጠረጴዛው ላይ ገመድ አለ። ስልኩን በዩኤስቢ ሰክቶ ኢንተርኔቱን ቢያጋራው ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተራ የገመድ ኔትወርክ ቆጥሮ ወዲያው ይቀበለዋል። ለምን አልተናገርክም ትሉኝ ይሆናል። ዓርብ ማታ ተናግሬ ነበር። «እሱ ጊዜያዊ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ዘላቂ መፍትሔ ነው» ተባልኩ።

እሑድ ማታ የልጁ ታናሽ እህት ቻርጀር ፍለጋ ገባች። ላፕቶፑን ገፋ ስታደርገው ጣቷ ጎኑ ላይ ያለች ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነካ። ቀጭ። ዋይፋዩ መጣ።

ዓርብ ማታ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ተከፍቶ አንድ ጊዜ አርኤፍኪል ሊስት (ዋይፋዩ መዘጋት አለመዘጋቱን የሚያሳየው ትእዛዝ) ቢባል ኖሮ «ሃርድ ብሎክድ፦ የስ» የሚል መልስ ይመጣ ነበር። ሶፍት ቢሆን የተዘጋው በሶፍትዌር ነው፣ በአንዲት ትእዛዝ ይከፈታል። ሃርድ ከሆነ ግን ካርዱ በቁልፍ ተዘግቷል ማለት ነው፤ አምስት ቀርቶ ሃምሳ ዲስትሮ ቢፈራረቅበት አይከፈትም፣ በጣት ካልሆነ። እና ሊቀ ፎርማት ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ምን ቢል ጥሩ ነው? ወንበሩ ላይ ደገፍ አለና፣ «አየህ፣ ፎርማት እኮ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚሠራው» አለ።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለአፍታ ላስቀምጠው። የዚህ ልጅ ላፕቶፕ ባዶ ስለነበር ስቀን አለፍነው። አንዲት የማውቃት ልጅ ግን የሁለት ዓመት የትርጉም ሥራዋ በዚሁ ዓይነት ሰው እጅ ጠፍቷል። ችግሩ ምን ነበር? የራውተሩ ፓስዎርድ ተቀይሯል፣ የእሷ ኮምፒውተር የድሮውን ይዞ እሱኑ ደጋግሞ ይልካል። በቃ፣ ይሄው ነው። የተቀመጠውን ኔትወርክ አጥፍቶ አዲሱን ፓስዎርድ ማስገባት፣ ግማሽ ደቂቃ። ሰውዬው አልጠየቃትም። ዲስኩን ጠረገው። ስታለቅስ ደግሞ «ባክአፕ አልነበረሽም? ሊኑክስ ለአንቺ አይሆንም» አላት። ይሄ እውቀት አይደለም። ይሄ የሰው ሥራ ላይ መቀለድ ነው። ማንበብ የሰለቸው ሰው ስንፍናውን ልምድ ብሎ ሲጠራው ዝም የምንለው ለምንድን ነው? ባክአፕ አለመያዟ ጥፋት ነው፣ እሺ። ግን ክብሪቱን የጫረው እሱ ነው።

ተመለስኩ። ወደ ምስጋናዬ።

ሊቀ ፎርማት ብቻውን አይመጣም። ለጣፊው አብሮት አለ። ከየት እንደመጣ የማያውቀውን ትእዛዝ ሁሉ ሱዶ («በአስተዳዳሪ ሥልጣን አድርግ» የምትለውን ቃል) እያስቀደመ ተርሚናል ላይ ይለጥፋል። ትእዛዙ ካርዱን ደብሊውላን ዜሮ ብሎ ይጠራዋል። ካርዱ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲስተምዲ የተባለው የሊኑክስ አስነሺ ፕሮግራም ይዞት በመጣው አሰያየም ብዙ ቦታ ስሙ ደብሊውኤልፒ ምናምን ሆኗል። ኮምፒውተሩ «እንዲህ የሚባል ዕቃ የለኝም» ይለዋል። ለጣፊው ጮክ ብሎ ይደግመዋል፣ መስማት ለተሳነው እንደሚያወራ። ካልሆነለት አዲስ ነገር ይጭናል። ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማናጀር ካርዱን ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት በተባለው የዋይፋይ አገናኝ በኩል ይዞ እየሠራ፣ እሱ ሌላ አገናኝ፣ አይደብሊውዲን፣ ጭኖ ጎን ለጎን ያስነሳል። ሁለቱ አንዱን ካርድ ይጓተቱታል፣ ዋይፋዩ ይገናኛል፣ ይቋረጣል፣ ይገናኛል። ለጣፊው ይህን አይቶ ምን ያደርጋል? ሦስተኛ ይጨምራል።

«የእኔ ላይ ይሠራል» ባዩም አለ። ስልኩን አውጥቶ ያሳያችኋል። ይቺ ግን፣ እሱ ባያውቀውም፣ አልፎ አልፎ ጥሩ ፍንጭ ትሆናለች። ስልኩ የሚያየውን ኔትወርክ ላፕቶፑ ጨርሶ ካላየው ራውተሩ ቻናል 13 በተባለው የሞገድ መስመር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። 12 እና 13 በአንዳንድ አገር ይፈቀዳሉ፣ በአሜሪካው ደንብ የተቀመጠ ላፕቶፕ ግን ብዙ ጊዜ ዞር ብሎም አያያቸውም። ተርሚናሉ ላይ አይደብሊው ሬግ ጌት ቢባል የየትኛው አገር ደንብ እንደተያዘ ይናገራል፤ ወይም ራውተሩን ወደ 1፣ 6 ወይም 11 መመለስ ነው። ባዩ ግን እዚህ ድረስ አይቆይም። የእሱ ሠርቷል።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ወዳጄ እጁን ከትከሻዬ ሳያነሳ ተርሚናል ከፈትኩ። አርኤፍኪልን ጠየቅኩት፤ ሶፍትም ሃርድም «ኖ»። የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስፒሲአይን ጠየቅኩት፤ ካርዱ አለ፣ ይታያል። ቀጥዬ ወደ ዲሜሴጅ ሄድኩ። ዲሜሴጅ የከርነሉ ማስታወሻ ደብተር ነው፣ የሆነው ሁሉ በሰዓቱ ተጽፎ ይቀመጥበታል። እዚያ ውስጥ ፈርምዌር መጫን አልቻልኩም፣ ስህተት ቁጥር ኔጌቲቭ 2 የሚል ተጽፏል። ኔጌቲቭ 2 ማለት «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ነው። ፈርምዌር ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ለብዙዎቹ የዋይፋይ ካርዶች ከርነሉ በተነሳ ቁጥር ከዲስክ አንስቶ ያቀብላቸዋል። ካጡት ካርዱ ቁራጭ ብረት ነው። (ይቺን መስመር ብቻዋን ብታዩዋት አትደንግጡ። የኢንቴል ድራይቨር አዲሱን የፈርምዌር ቁጥር ካጣ ዝቅ ያለውን ይሞክራል፣ ብዙ ጊዜም ያገኛል። የእኔው ግን እስከ ታች ወርዶ አንድም አላገኘም።)

ለምን አላገኘም? ማታ ዲስኬን ሳጸዳ ትልቅ ሆኖ ያየሁትን የፈርምዌር ፓኬጅ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው» ብዬ ያጠፋሁት እኔው ራሴ ነኛ። ካርዱ ፈርምዌሩን አስቀድሞ ስለተቀበለ እስክዘጋው ድረስ ደህና ይሠራ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ነው ባዶ ቤት የጠበቀው። አዎ፣ እኔም ሳላነብ ነው የጠረግኩት። ይህን ለወዳጄ አልነገርኩትም፣ ለእናንተም በቅንፍ ላልፈው አስቤ ነበር።

«ፍላሽህን ታውሰኛለህ? ከሌላ ኮምፒውተር አንድ ፓኬጅ ላመጣ ነው» አልኩት።

ከቁልፉ ፈታና ሰጠኝ። ስሰካው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሚንት አለ፣ ፌዶራ አለ፣ ያ አሮጌ ዴቢያን እንኳ አለ። ቦታ የሚባል የለም።

«ፎርማት ላድርገው?» አልኩት።

ፍላሹን እንዴት ብሎ እንደነቀለው አላየሁም። እጄ ባዶ ኪቦርድ ላይ ቀረ። «አብደሃል እንዴ?» አለኝ፣ ፍላሹን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ። «ስንት ነገር አለበት መሰለህ! ሌላ ቦታ እኮ አልገለበጥኩትም!»

የስልኬን ገመድ ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈትኩ።