ሰፈሩን ሁሉ ያለበሰ ኮት

በእኛ ፎቶ ቤት አንድ ኮት አለ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ነጭ ሸሚዝና ቀይ ክራቫት አብሮት አለ። አይታጠብም፣ አይተኮስም፣ ብል አይበላውም። ላለፉት አሥራ ምናምን ዓመታት የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ለብሶታል። የታክሲ ሹፌሩ ለብሶታል፣ ረዳቱም ለብሶታል፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እንኳ ዱቄቱን ከቅንድቡ ሳያራግፍ ገብቶ ለብሶት ወጥቷል። መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ሁሉም ላይ ያው ኮት ነው። የሰፈሩን ጉርድ ፎቶ ሰብስቦ ጎን ለጎን የደረደረ ሰው ቢኖር፣ የአንድ ሠርግ ሚዜዎች ናቸው ብሎ ነው የሚያልፈው።

የኮቱን የመጀመሪያ ባለቤት አላውቀውም። መርካቶ ከገዛሁት ሲዲ ውስጥ አንገቱ ተቆርጦ ነው የመጣው። ነፍስ ይማር እንዳልል፣ የሆነ አገር በሕይወት ሊኖር ይችላል።

ኮቱ የሚያርፈው በዲቪ ወቅት ብቻ ነው። የዲቪ ፎቶ አትነካካው ይላል ሕጉ። ነጭ ጀርባ፣ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ፣ ማስዋብ የለም። ሰው አሜሪካ ለመሄድ ሲያስብ ብቻ ነው ራሱን መስሎ የሚነሳው።

ያንን ኮት ሳለብስ የኖርኩት በፎቶሾፕ 7፣ በኮምፒውተር ፎቶ በሚያስተካክለው ሶፍትዌር ነው። "ሰባት" ነው የምንላት። የወጣችው በ2002 ነው (ዓመቱን ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጅ ነው)፤ እኔ ጋ የደረሰችው ግን ዘግይታ ነው፣ በሲዲ፣ ከየት መጣሽ ሳትባል። በዚያን ጊዜ ሶፍትዌር እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ እንጂ የሚገዛ ነገር መሆኑን የሚያውቅ በሰፈራችን አልነበረም። ያቺን የዓይን ምልክት ሁለቴ ጠቅ ታደርጋለህ፣ ሻይ አዝዘህ ትመጣለህ፣ ስትመለስ ተከፍታ ትጠብቅሃለች። 128 ሜጋባይት ራም ካገኘች ሌላ ነገር አትጠይቅም። ብጉር የሚያጠፋው ብሩሽ የመጣውም በእሷ ነው። ስንት ቅባት ያልፈወሰውን ፊት በአምስት ደቂቃ ፈውሻለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ከሰባት ውስጥ የማውቀው ስድስት ነገር ብቻ ነው። መቁረጥ፣ ኮት ማልበስ፣ ብጉር ማጥፋት፣ ፊት ማፍካት፣ ጀርባ መቀየር፣ ማተም። የቀረው ሜኑ ለእኔ የአከራይ ሳሎን ነበር፤ መኖሩን አውቃለሁ፣ ገብቼበት ግን አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ሳይመጣ ቀረ።

ረዳቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሳለ አጠገቤ ቆመና፣ "ጋሼ፣ በቃ አፕግሬድ እናድርግ። ሰባትን እኮ የሠሯት እኔ ሳልወለድ ነው" አለኝ። እሱ ይህን የሚለው እንደ ማስረጃ ነው። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ታዲያ እሷ ካንተ ትበልጣለች፣ አክብራት፣ አልኩ።

አዲስ ላፕቶፕ ተገዛ። አዲሱ ፎቶሾፕ ከ8 ጊጋባይት በታች ራም ካለህ ደጅ አያስገባህም። በዚያ ላይ ከ2013 ወዲህ አዲስ የሚወጣው ሁሉ ኪራይ እንጂ ገዝተህ የምታስቀምጠው ነገር አይደለም። ቤቱ ኪራይ፣ ሱቁ ኪራይ፣ አሁን ደግሞ መቀሱም ኪራይ። የሚከፈለው በዶላር ነው፤ የእኔ ካርድ ብር እንጂ ዶላር አያውቅም። የልጁ የአክስት ልጅ አሜሪካ አለች፤ ካርዷን አስገባችልን። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ትደውላለች። "ያ ፎቶ ምናምናችሁ ዛሬም ቆረጠብኝ" ትላለች። ማስታወሷ ነው። ቀጥሎ የራሷን ሃያ ፎቶ በቴሌግራም ትልካለች፤ ወገቧ እንዲቀጥን፣ ከኋላ ያለው ቆሻሻ መጣያ እንዲነሳ። የኪራዩ ኪራይ መሆኑ ነው።

ከፈትኩት። ጨለማ ነው። መብራት የሄደ መስሎኝ ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ። ልጁ ሳቀ። "ጋሼ፣ መልኩ ነው፤ ከ2012 ጀምሮ እንዲህ ጠቁሯል።" እሺ ብዬ ዓይኔን አጥብቤ መሣሪያዎቼን ፈለግኩ። መቁረጫዬ ከሌላ መቁረጫ ሥር ተደብቋል፣ እሱም ከሌላ ሥር። ቤት ውስጥ እንግዳ የመጣባት እናት ዕቃውን ሁሉ አልጋ ሥር የከተተች ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያው ደንበኛ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። መንጃ ፈቃድ ሊያሳድሱ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ኮቱን ለብሰዋል፤ የምናውቃቸው ሰው ናቸው። አነሳኋቸው፣ ጭንቅላታቸውን ቆረጥኩ፣ ኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ትንሽ አነሰ። መጠን መቀየሪያውን ኮንትሮል ቲ አልኩ፣ ሺፍትን ተጫንኩ፣ ጥጉን ይዤ ጎተትኩ። ይህን እጄ ነው የሚሠራው፣ እኔ ወደ መንገድ እያየሁ ነው። ስምንት ፍሬ፣ ሦስት በአራት፣ አተምኩ፣ በፖስታ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ተመለሱ።

ፎቶውን ከኪሳቸው አወጡ። መነጽር አደረጉ። ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት።

"ልጄ፣ እስቲ አንተ እየው። ይሄ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት ጋሼ።"

"እኔ ነኝ? ባለቤቴ ደግሞ 'የማን ክርስትና በልተህ መጣህ' አለችኝ።"

አየሁት። ኮቱ እንደነበረው ነው፤ ፊታቸው ግን ግራና ቀኝ ተስቦ ድፎ ዳቦ አክሏል። ጆሯቸውና ትከሻቸው ሰላም ሊባባሉ ትንሽ ነው የቀራቸው። "በጡረታ ብር እንዲህ አልወፍርም" አሉና ስምንቱንም ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ካርታ ዘረገፉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ሥዕል ስታሳድግ መጠኑ እንዳይዛባ ሺፍትን ትይዛለህ። ከ2018 መጨረሻ ወዲህ በወጣው ግን ሺፍትን ሳትይዝ ራሱ መጠኑን ይጠብቃል፤ ሺፍትን ከያዝክ ያኔ ነው የሚዛባው። ልክ የቤትህ ቁልፍ አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ወደ ቀኝ ይከፍት የነበረው ወደ ግራ ሲከፍት ማለት ነው። ጥፋቱ የጣቴ ነው። ለጣቴ ግን ማን ይንገረው? አሥራ ምናምን ዓመት በታማኝነት ያገለገለ ጣት ነው፤ ደብዳቤ አይደርሰው።

የሠሩትን የምትሰርዘው ኮንትሮል ዜድም እንደዚያው። በሰባት ጊዜ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ነበረች። አንዴ ስትጫናት የሠራኸው ይጠፋል፣ ስትደግማት ይመለሳል። እኔ ሥራዬን የማየው በእሷ ነበር፤ በፊት፣ በኋላ፣ በፊት፣ በኋላ። አሁን ግን አንዴ ስትጫን አንድ እርምጃ ወደኋላ፣ ደግመህ ስትጫን ሌላ እርምጃ ወደኋላ፣ እንዲህ እያለች ወደ ገጠር ይዛህ ትሄዳለች። አንዲት ሙሽራ ፊት ላይ ሁለት ሰዓት ሠርቼ፣ ወገቤን አስደግፌ፣ በኩራት ጠቅ ጠቅ ሳደርግ ሙሽራዋ ከነብጉሯ ተመልሳ መጣች። ደንግጬ ብሩሹን አንዴ አስነካሁ። እሱን ካደረግክ ደግሞ ወደፊት የሚመልሰው መንገድ ይዘጋል። ሁለት ሰዓቱን ድጋሚ ሠራሁ። ሙሽራዋ በዚያ ሌሊት ከማንም በላይ እኔ ጋ ነው ያመሸችው።

ልጁ "ጋሼ፣ መማር ነው" አለኝ። ተማርኩ። መጀመሪያ የፈረንጅ ቪዲዮ ነበር። ሰውዬው "ሄሎ ጋይስ" ብሎ ይጀምርና ሰብስክራይብ አድርጉ ሲል አራት ደቂቃ ያልፋል፤ ከዚያ ሥራውን በአሥራ አንድ ሰከንድ ይጨርሰዋል። ወደ አማርኛው ዞርኩ። የእኛው አስተማሪ ደግሞ ጨዋ ነው፣ አይቸኩልም፣ ግን ስም አይጠራም። "እዚህ ጋ እንገባለን፣ ከዛ ይቺን እንነካለን፣ ከዛ ያው እንደምታዩት እንዲህ ይሆንልናል።" እኔ የማየው ጠቋሚዋን ስትሮጥ ነው። ይቺ ያላት የእኔ ስክሪን ላይ የለችም፤ የእሱ የዛሬ አምስት ዓመት ነው፣ የእኔ የዘንድሮ። ሥር "ወንድሜ፣ ይቺ ያልካት የት ናት?" ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን ልብ ምልክት ነው የላከልኝ።

በመጨረሻ ከፍዬ አንድ ማሠልጠኛ ገባሁ፣ የማታ፣ ሦስት ወር። አብረውኝ የሚማሩት የልጆቼ እኩያ ናቸው፤ "ፋዘር" ይሉኛል። ስሜ ላይ አንድ ፊደል የተሳሳተበት ሰርተፍኬት ሰጡኝ። የሚገርመው ስሜ አይደለም። ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን ፎቶዬን ሳየው ኮት ለብሻለሁ። ጥቁር ሰማያዊ። ቀይ ክራቫት። ያ ሲዲ ስንት ቦታ ደርሷል!

በነዚያ ሦስት ወራት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሠሪዎቹን ታሪክ አነበብኩ። ቶማስ ኖል የሚባል የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነው በ1987 የጀመረው፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚያሳይ ስክሪን ላይ ግራጫ ቀለም ለማሳየት የጻፋት ትንሽ ነገር ነበረች። ወንድሙ ጆን አይቶ ወደዳት፣ ተጋግዘው አሳደጓት፣ በ1990 ለገበያ ወጣች። ያ ሰውዬ ዝም ብሎ የመመረቂያ ጽሑፉን ቢጽፍ ኖሮ እኔ ያን ሌሊት እተኛ ነበር። ሌየር፣ ማለትም ኮቱን ከፊቱ ለይቶ በራሱ ንብርብር ላይ የሚያስቀምጠው፣ የመጣው በ1994 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ኮት ያለበሰ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ማውለቂያ አልነበረውም ማለት ነው።

እኔን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ይህን ሁሉ አላዩም። ኔጌቲቩን ብርሃን ላይ ይዘረጉና በእርሳስ ጫፍ ሪታች ያደርጉ ነበር፤ ነጥብ በነጥብ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው። የፊት መጨማደድ በእርሳስ ያጠፉ ሰው ናቸው። የእሳቸው አፕግሬድ እርሳስ መቅረጽ ነበር።

የፊደሉን ጉድ ሳልናገር አልለፍ። አንድ ቤተሰብ በየዓመቱ የአባታቸውን የሙት ዓመት ባነር እኔ ጋ ያሠራሉ። ዓመቱን ብቻ ነው የምቀይረው። ዘንድሮም ከድሮው ዲስክ አውጥቼ ከፈትኩት፣ ደህና ነው፤ ዓመቱን ላስተካክል ጽሑፉን ስነካው ግን የሰውዬው ስም ጠፍቶ ቃለ አጋኖ፣ የዶላር ምልክትና ሁለት ቅንፍ ሆነ። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን የላቲን ፊደል ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደሎች በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ የራሳችንን ወንበር ያገኘነው በ1999 ነው፣ እኔ ግን በድሮው ስሠራ ኖሬያለሁ። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ያ ፎንት የለም፤ ስለዚህ የወንበሩ ባለቤት ተመልሶ ተቀመጠ። ባለቤታቸው እትዬ ከኋላዬ ቆመው ነበር። "ዶላሩ ምንድነው?" አሉኝ። "የዕድር ዕዳ አለባቸው እንዴ?"

ከዚያ ልጁ የ2023ቱን ነገር አሳየኝ። ቦታውን ታከብና የምትፈልገውን ትጽፋለህ፣ ራሱ ይሠራልሃል። ኮት ብሎ ጻፈ። መጣ። እውነት ለመናገር አምሮበታል፤ የጨርቁ ክር ሳይቀር ይታያል። ግን በተጠየቀ ቁጥር ሌላ ኮት ነው የሚሰፋው። ለታክሲ ሹፌሩ ሦስት ኮሌታ ሰጠው። ለወፍጮ ቤቱ ሰውዬ አበባ ያለው የሐር ነገር አለበሰውና፣ ሰውዬው ፎቶውን አይቶ ዝም አለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ "ይሄ ለሥራ ማመልከቻ ይሆናል?" አለ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ ሰፊው ሱቁን ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ በካናቴራ ይቀራል።

በዚህ ሁሉ መሃል፣ ከአራት ወር በኋላ፣ ልጁ ማስተካከያዎቹን ሲነካካ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አገኘ፤ አንዷ ፕሪፈረንስ ውስጥ፣ ሌላዋ የኪቦርድ አቋራጮች የሚስተካከሉበት መስኮት ውስጥ። "ሌጋሲ" ይላሉ፣ የድሮው ማለት ነው። አንዷን ምልክት ስታደርግባት ሺፍት እንደ ድሮው ይሆናል፣ ሌላዋን ስታደርግባት ኮንትሮል ዜድ እንደ ድሮው። አራት ወር! ጣቴን ስቆጣው፣ ስመክረው፣ አንድ ሰሞን በፕላስተር ሳስረው ከርሜ፣ መፍትሔው ሁለት ጠቅ ነበር። ደስ ብሎኝ ምልክት አደረግኩ። ግን ጣቴ በዚያን ጊዜ አዲሱን ተምሮ ጨርሶ ኖሯል። አሁን ጠዋት እንደ አዲሱ ይሠራል፣ ከሰዓት እንደ ድሮው፣ ሲርበው ደግሞ በራሱ ሕግ።

ባለፈው ማክሰኞ እኚያ ሹፌር ጋሼ ተመልሰው መጡ። ያኔ የተበላሸውን በነጻ ሠርቼላቸው ነበር፤ አሁን ለጡረታ ደብተር ነው። ልጁ አዲሱን ሊያሳያቸው ፈጠን ብሎ፣ "ጋሼ፣ የፈለጉትን ኮት ይምረጡ፤ ግራጫ፣ ቡናማ፣ ባለ መስመር አለ" አላቸው።

እንደ ልብስ ሻጭ ነው ያዩት። ዞር ብለው ወደ እኔ፣ "የእኔ ኮትስ?" አሉ። "ያ ሰማያዊው። መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው። ሸጣችሁት እንዴ?"

ከድሮው ዲስክ ፈልጌ አወጣሁት። ተከፈተ፣ እንዳለ አለ፣ አንድ ክር አልተነካም። ጭንቅላታቸውን አስቀመጥኩ። ዛሬም ትንሽ አነሰ። ኮንትሮል ቲ አልኩ። ግራ እጄ ወደ ሺፍት ሊሄድ ሲል በቀኝ እጄ ያዝኩት፤ ማውሱን የሚይዝልኝ አጣሁና ልጁን ጠራሁት። ጋሼ ከኋላ ሆነው ስክሪኑን እያዩ፣ "ሰፋ እንዳታደርጉኝ ብቻ" አሉ።