ማስተካከያ፦ ስለ ሴፕሲስ ማንቂያው 18.7 በመቶ

ሴፕሲስ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ከልክ ያለፈ፣ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ምላሽ ነው። ሴፕሲስን ቀድሞ ለሐኪም ስለሚጠቁም የኮምፒውተር ማንቂያ ቀደም ሲል የወጣው ጽሑፍ፣ የአሜሪካውን የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጠቅሶ «የጆንስ ሆፕኪንስ ኮምፒውተር የሴፕሲስ ሞትን በ18.7 በመቶ ቀነሰ» ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አባባሉ ግን መስተካከል አለበት።

ቁጥሩ በ2022 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጥናት የተወሰደ ነው። ስለ ሁሉም ታካሚ አይደለም የሚያወራው። አንቲባዮቲክ ሳይጀምሩ ማንቂያው የለያቸው 6,877 የሴፕሲስ ታካሚዎች ነበሩ። ከነሱ መካከል ሐኪም በ3 ሰዓት ውስጥ ማንቂያውን አይቶ ያረጋገጠላቸው፣ ካልተረጋገጠላቸው ጋር ሲነጻጸሩ ነው ልዩነቱ የታየው። 18.7 በመቶው አንጻራዊ ቅናሽ ነው፤ የሁለቱ ቡድኖች የሞት መጠን በቀጥታ ሲቀናነስ ደግሞ ልዩነቱ 3.3 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ከ100 ታካሚ የ3 ሰው ያህል ሕይወት ማለት ነው። ይሄ በጣም ትልቅ ነገር ነው! ግን ታካሚዎቹ በዕጣ የተመደቡ ስላልሆኑ፣ ውጤቱን በሙሉ ለማንቂያው መስጠት አይቻልም።

ኮምፒውተሩ ብቻውን ማንንም አላዳነም። የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱን ገጣጥሞ «ይሄን ሰው እዩት» ይላል። ማንቂያውን ከፍቶ የሚያየው፣ ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩን የሚወስነው፣ መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪሙ ነው።

«የትኛውም የሴፕሲስ ማንቂያ እንዲሁ ይሠራል» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ይሰረዝ። የሆስፒታል መረጃ ሶፍትዌር የሚሠራው የኤፒክ ኩባንያ የራሱ የሴፕሲስ ማንቂያ በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተቋም ተፈትሾ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት፣ ሴፕሲስ ከያዛቸው ታካሚዎች 67 በመቶውን ስቷቸዋል። ያም ሆኖ ተኝተው ከታከሙት 18 በመቶ በሚሆኑት ላይ ማንቂያ ሰጥቷል። ነርሷ ቀኑን ሙሉ የሐሰት ማንቂያ ስትዘጋ ከዋለች፣ እውነተኛውንም አብራ ልትዘጋው ትችላለች።