ለአረጋውያን ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም

ድሬ ውስጥ ለአረጋውያን የሚሆን የመንግሥት አገልግሎት የለም ማለት አይቻልም። ጡረታ አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ፤ መክፈል ለማይችሉ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ድሃ ቤተሰቦችን ሥራ እያሠራ የሚደግፈው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች ውስጥ ድሬዳዋና ሐረር ይገኙበታል። በዕድሜ ደክመው መሥራት ለማይችሉትም ሥራ ሳይጠየቁ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ብዙዎቹ ባለመብቶች ይህን የሚሰሙት ምዝገባው ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

ወሬው የሚወጣው በቴሌግራም ነው። ካልሆነም ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት። ወረቀቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ፊደሉ ደቃቃ ነው። ማኅተሙ ቀኑ ላይ አርፏል። የተለጠፈው ደግሞ ከራስ በላይ ነው፤ የድሬ ፀሐይ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ታነጣዋለች። ዓይናቸው የደከመ አባት ጥበቃውን "ልጄ፣ ምን ይላል?" ይሉታል። ጨዋ ልጅ ከገጠማቸው ያነብላቸዋል። ካልገጠማቸው "ነገ ይምጡ አባባ" ነው። ነገ ማለት ሌላ የባጃጅ ሒሳብ ነው፤ በዚያ ሙቀት ሌላ መንገድ ነው።

ለገሀሬ የሚኖሩ አንዲት እናት አውቃለሁ። ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ሲሞቱ ጡረታውም አብሮ የቀረ መስሏቸው ዓመታት በጉሊት ኖሩ። ሕጉ ግን ለሚስት ወይም ለባል የሟቹን አበል 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ይሰጣል። ይህን የነገረቻቸው ለቅሶ ቤት አጠገባቸው የተቀመጠች ጎረቤት ናት። ለቅሶ ላይ! ከዚያ በኋላ ደግሞ የጋብቻ ማስረጃ ተጠየቁ። ትዳራቸው በሽማግሌ የታሰረ ነው፤ ወረቀት ከየት ይምጣ? ምስክር ፍለጋ እግራቸው እስኪቀጥን ተመላለሱ። የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም በአንድ ጊዜ የነገራቸው ሰው ቢኖር ግማሹ ልፋት ይቀርላቸው ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። አቅም የለም የሚለው መልስ ለገንዘብ ይሠራ ይሆናል። ለመረጃ ግን አይሠራም። ማስታወቂያን በትልቅ ፊደል ማተም ስንት ያስወጣል? በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ማስነበብስ? መጋላ ሰፈር ያሉ አንዲት አዴ (እናት) የሚገባቸው በቋንቋቸው ሲነገራቸው ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ ሐረሪኛው ይጨመር።

መንገዱም አለ። ድሬ እድር አላት፣ ሐረር እንደ እድር ያለ አፎቻ አላት። እዚያ የተነገረ ነገር ማታውን ሰፈሩን ያዳርሳል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያንም አሉ። ቀበሌዎቻችን ምዝገባ ሲከፍቱ ከቴሌግራሙ በፊት የእድር ሰብሳቢዎችን ይጥሩ፤ የሚያስፈልገው ሰነድ ተዘርዝሮ ይሰጣቸው። በር ላይም አንድ አስረጂ ይመደብ፤ ወንበርና ጥላ ይኑር። አረጋውያን ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት በቅድሚያ ይስተናገዱ።

የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ደግሞ ባለሙያው ቤታቸው ሄዶ ይመዝግባቸው። የትኛው ቤት ማን እንደተኛ የእድሩ ሰዎች ያውቃሉ፤ አብረውት ይሄዳሉ።