ልጅሽ ስንት አመጣች?

እንደኛ ለትምህርት ክብር የሚሰጥ ወላጅ የትም የለም የሚል ካለ፣ ምስክሩ እኔ ነኝ። ባለፈው እሁድ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ጽዋ ማኅበር ሄጄ፣ ገና ጫማዬን እያወለቅኩ፣ ደህና ነሽ ወይ እንኳን ሳልባል «ልጅሽ ኤስኤቲ ስንት አመጣች?» ተባልኩ፤ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን ማለታቸው ነው። እሰይ! ሰላምታ እንዲህ ነው እንጂ። ልጅቷ ደህና ናት ወይ፣ ምን መማር ትፈልጋለች፣ ይሄ ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው። ሰው ማለት ከ400 እስከ 1600 ያለ ቁጥር ነው፤ አለቀ። ማትሪክ ላይ ፎር ፖይንት ያመጣ የሰፈር ልጅ ስሙ ሲነሳ እየሰማን ያደግን ሰዎች፣ ይቺን ልማድ ባሕር አሻግረን ማምጣታችን ራሱ ያስመሰግነናል።

የቤቱን እመቤት ሳላደንቅ ባልፍ ደግሞ ግፍ ነው። ፈተናው እዚህ ከእ.ኤ.አ. 2024 ወዲህ በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በኮምፒውተር ሆኗል። ስለዚህ የልጇን ላፕቶፕ ጠበል ረጨችው። ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም፣ «ኤ» የምትለዋ ፊደል እስከ ዛሬ ትጣበቃለች። ትጣበቅ! ኤ ከልጇ ላይ አልላቀቅ ብትላት የምትጠላ እናት አለች? ባለቤቷ ኡበር ነው የሚሠራው። ቅዳሜን ያህል ገበያ ትቶ፣ ልጁ ተፈትኖ እስኪወጣ ፓርኪንግ ውስጥ ዳዊት ሲደግም አረፈደ።

ልጁ ሦስቴ ተፈተነ። በሰዓት የሚከፈለው አስጠኚ ተቀጠረለት፤ ስንት እንደወጣ እኔ አልናገርም፣ እነሱ ለመጣ ለሄደው ይናገራሉ። ነጥቡ በ110 ጨመረ። ይቺ ጭማሪ እዚህ አገር «ሜሪት» ትባላለች፣ በኛ ችሎታ። ሀርቫርድ ያሉ ኢኮኖሚስቶች 2023 ላይ እንዳወጡት፣ ከላይኛው 1 በመቶ ሀብታም ቤት የተወለደ ልጅ 1300 እና ከዚያ በላይ የማምጣት ዕድሉ ከድሃው ልጅ 13 እጥፍ ነው። ችሎታ እንዴት ያለ ብልህ ነገር እንደሆነ እዩልኝ፤ ሰፈር መርጦ ነው የሚያርፈው።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። በዓመት 22 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ፣ ከአንድ ስሙን ሰምቼው ከማላውቀው የግል ኮሌጅ! እልልታው ለጎረቤት ተረፈ። ኮሌጁ በዓመት 61 ሺህ እንደሚያስከፍል የተናገረ የለም። ቀሪው 39 ሺህ ነው። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደጃችን ላይ ለነዋሪ ልጅ፣ መኝታና ምግቡን ጨምሮ፣ ያለ አንዳች ስኮላርሺፕ ከዚህ ያነሰ ያስከፍላል። እሱን ግን ማን ያወራዋል? ስኮላርሺፕ የሌለው ርካሽ ትምህርት ለቡና አይሆንም።

መርካቶ ገብታችሁ ታውቁ የለ? ነጋዴው ዋጋውን ሰማይ ይሰቅልና «ለአንቺ ብዬ ነው» ብሎ ይቀንሳል። የግል ኮሌጆቹም እንደዚያው ናቸው፤ አዲስ ገቢው ተማሪ በአማካይ ከግማሽ በላይ ይቀነስለታል። ልዩነቱ የመርካቶ ነጋዴ ቅናሹን ማኅተም ባለው ወረቀት ጽፎ «እንኳን ደስ ያለህ» አይልም። ከፍ ያለ ነጥብ ያለው ልጅ ደግሞ የኮሌጁን አማካይ ያሳምርለታል፣ ስለዚህ ለእሱ ትንሽ ቢለቁ አይከስሩም።

አንድ አባት ከወንበራቸው ተነስተው «የኔ ልጅ በ1540 ሀርቫርድ ነው ስኮላርሺፕ የሚሰጠው» አሉ። ሀርቫርድ ለነጥብ ብሎ ሰባራ ሳንቲም አይሰጥም፣ የሚያየው የቤተሰብን ገቢ ነው። ለዚያም ፋፍሳ የሚባል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል። ቅጹን ሞልተው እንደሆነ ስጠይቃቸው «እኛ ለማኝ ነን እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጨዋ ሰው ድሃ ነኝ ብሎ አይጽፍም፤ ይበደራል እንጂ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄ «እማ፣ ስንት አመጣች አልሻቸው?» አለችኝ።

«1380።»

«1310 እኮ ነው ያመጣሁት።»

ሰባዋ ከእናትሽ ስኮላርሺፕ ናት አልኳት።