ለክሊራንስ ስልክ ክፈት?

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ አከፋፋይ ድርጅት ሽያጭ ላይ ይሠራ የነበረ ወዳጄ ባለፈው ሰሞን ሥራ ለቀቀ። ንብረት አስረክቦ ክሊራንስ፣ ማለትም ከድርጅቱ ጋር የቀረበት ነገር እንደሌለ የሚያሳይ ወረቀት፣ ሲጠይቅ፣ «ስልክህን ከፍተህ ስጠን፣ የድርጅቱን መረጃ እናጥፋ» አሉት። ስልኩን የገዛው በራሱ ብር ነው። የልጆቹ ፎቶ፣ የባንክ አፑ፣ ከሚስቱ ጋር የተጻጻፈው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። እምቢ አለ፣ ክሊራንሱም ተንጠለጠለ።

ይህ የእሱ ብቻ ችግር አይደለም። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች እስከ ደሴ ፒያሳ ሱቆች ብዙ ሥራ የሚሠራው በሠራተኛው ቴሌግራም ነው። የደረሰኝ ፎቶ፣ የስቶክ ዝርዝር፣ የደንበኛ ፋይዳ መታወቂያ ሳይቀር በዚያው ይላካል። ካርድ የሚሞላውም ሠራተኛው ነው። ሲቀጠር ግን ስለ ስልክ ያነሳበት ሰው የለም።

የአሠሪው ስጋት ውሸት ነው አልልም። የደንበኛ ዝርዝር ይዞ ተፎካካሪ ጋ የሚገባ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት መረጃውን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የደንበኛ መታወቂያ በቀድሞ ሠራተኛ ጋለሪ ውስጥ ሲቀር ድርጅቱ «እኔ አላየሁም» ብሎ አያመልጥም። ስለዚህ መረጃዬ ይመለስ፣ ይጥፋ ማለቱ መብቱ ነው። ስልኩን መበርበር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገውን ግንኙነት ጭምር ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ አሠሪው ያቅርብ ይላል። ብዙ አሠሪ ይህ ለመዶሻና ለጓንት ብቻ የተጻፈ ይመስለዋል። ሥራ ሲቋረጥ የሥራ ልምድ ማስረጃ በነጻ መስጠትም የአሠሪው ግዴታ ነው። ስልክህን ካስፈተሽክ በኋላ የሚል ነገር የለበትም።

የሚገርመው ፍተሻው ለድርጅቱም አይጠቅምም። የተለመደው የቴሌግራም መልእክት የሚቀመጠው በራሱ በቴሌግራም ኩባንያ ሰርቨር ላይ ነው። ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ብትሰርዘው እንኳን ሰውየው ማታ ቤቱ ገብቶ ቴሌግራሙን በዚያው ቁጥር ሲከፍት መልእክቱ ይመለሳል። ዋናው ጥያቄ ግሩፑ በማን ስም ተከፈተ የሚለው ነው። ደንበኞች የተሰበሰቡበት ግሩፕ ባለቤት ሠራተኛው ከሆነ፣ ባለቤትነቱን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል። ለዚህ ግን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (በስልክ ከሚላከው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው) ከተከፈተ ቢያንስ 7 ቀን ሊሞላው ይገባል። በመጨረሻው ቀን ክሊራንስ መስኮት ላይ ቆሞ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ሥራው በድርጅቱ ኢሜይልና ፋይል ከተሠራ የተሻለ መንገድ አለ። አንድሮይድ ከ5ኛው ስሪት ጀምሮ «ወርክ ፕሮፋይል» የሚባል ነገር አለው። የሥራው አፕና ፋይል ለብቻው ይቀመጣል። ሠራተኛው ሲለቅ ድርጅቱ ከርቀት የሚያጠፋው የሥራውን ክፍል ብቻ ነው፣ የግል ፎቶና መልእክት አይነካም፣ አያይምም። አይፎንም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተመሳሳይ ነገር አለው። ግን ማስተዳደሪያ ሶፍትዌርና የሚያውቅ የአይቲ ሰው ይፈልጋል፣ አቅም የሌለው ስልክም ላይ ይንቀራፈፋል። እዚህ ለብዙ ድርጅት ይቀላል ብዬ አላስብም።

በነገራችን ላይ፣ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ቢሮ ኮምፒውተሩና ፋይሉ ተዘርፏል። ያኔ በሠራተኛ ስልክ ውስጥ የተረፈ አንድ የደንበኛ ዝርዝር ለባለቤቱ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ያንን ሠራተኛ እንደ ሌባ ማየቱ አይከብድም?

ሥራ አስኪያጆች «ለሁሉም ሠራተኛ ስልክ ልንገዛ ነው?» ይላሉ። ለሁሉም ማን አላችሁ? የሽያጭ ሠራተኛውና የስቶር ኃላፊው ቀላል ስልክና በድርጅቱ ስም የወጣ ሲም ይበቃቸዋል። ሲለቁ ከነሲሙ ያስረክባሉ። ይህን ማውጣት የማይፈልግ ድርጅት ከግሩፕ በማስወጣትና «መረጃውን አጥፍቻለሁ፣ ለሌላ አልሰጥም» የሚል ፊርማ በመቀበል ይብቃው። ይህም ቢሆን በቅጥር ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ሰውየው ገና ሥራ ሲጀምር።